የእንጦጦ ዳገት በብስክሌት

እናንተ ጨዋታ ወዳጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ የአንድ ዳገት ታሪክ ነው፤ ከአዲስ አበባው ስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ በሽሮ ሜዳ አልፎ፣ እንጦጦ ማርያም ደጅ ደርሶ፣ ከዚያም በጋራው አናት ወደ ቅዱስ ራጉኤል የሚያዘልቀው ዳገት። ይህን ዳገት ንጉሥ በበቅሎ ወጥቶታል፣ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቦ በእግሩ ወጥቶታል፣ ሯጭ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወጥቶታል፣ እናት ባዶ ገመዷን በትከሻዋ ጣል አድርጋ ወጥታ፣ ጀርባዋ በእንጨት ጎብጦ ወርዳዋለች። በዚህ ዘመን ደግሞ ብስክሌተኞች ይወጡታል፤ እኔም ዛሬ ከእነሱ ጋር ላወጣችሁ ነው። ቸኩሎ የሚወጣው ሰው የለምና እናንተም አትቸኩሉብኝ።

ጊዜው መስከረም ይሁንልን። በክረምት እንጦጦ ጉም ለብሶ ይውላል፣ አስፋልቱም የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጥፎበት ሲርስ ያንሸራትታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ቢልም የንጋቱ ውርጭ መሪ የጨበጠ ጣት ያደነዝዛል። መስከረም ግን ለጋስ ወር ነው፤ ዝናቡ አባርቶ፣ ጭቃው ጠፍፎ፣ አደይ አበባ በየዳርቻው ፈክቶ ይጠብቃል። እናም ወጣቶቹ ብስክሌተኞች በጨለማ ተነሥተው፣ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ጨምቀው አይተው፣ የፊቱንም የኋላውንም ፍሬን ሞክረው፣ ካቴናውን ዘይት ቀብተው፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙረው ድምፁን አዳምጠው፣ ትርፍ ካላማዳሪያና መንፊያ ይዘው፣ ከዚያም ልክ 12 ሰዓት ሲሆን ስድስት ኪሎ ይገናኛሉ። ሰላምታ ይለዋወጣሉ፣ አንዱ የሌላውን ጎማ ዐይቶ «ትንሽ ንፋስ ይቀረዋል» ይላል፣ ይነፋለታል፣ ከዚያም ጉዞ ይጀመራል።

ነገር ግን ከመነሻችን ሳንርቅ አንዴ ቀና እንበል። አደባባዩ ላይ የቆመው የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ነው። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የሆነው ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን የፋሺስት ጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ በሰበሰበበት በዚያ ግቢ አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ እሱ ቆስሎ ተረፈ፤ ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ ከተማዋ በእሳትና በጥይት ነደደች፣ ሰው በቤቱ ውስጥ ተቃጠለ፣ በየመንገዱ ወደቀ። በዚያው ግቢ ጣሊያኖች የተከሉት ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ እያንዳንዱ እርከን ለፋሺስት ዘመን አንድ አንድ ዓመት እንዲቆጠርለት ተብሎ የተሠራ ነው። ነጻነት ሲመለስ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የመጨረሻው እርከን አናት ላይ ተቀመጠበት፤ ይኸው እስከ ዛሬም እዚያው ነው። እንግዲህ መንገዳችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባርኔጣውን አንሥቶ ሐውልቱን እጅ የሚነሣ ብስክሌተኛ አለ፤ ያየው ሁሉ ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ መንገዱ መጀመሪያ የዋህ ነው፣ ያባብላል። ከዚያ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። ሽሮ ሜዳ ጠዋት ገና አልነቃም፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ቀን ቀን በየደጁ የሚንጠለጠለው የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላና ጋቢ አሁን በየኮሮጆው ታጥፎ ተኝቷል። የጋሞ ደጋ ልጆች፣ እነዚያ እጀ ብሩኮቹ የዶርዜ ሸማኔዎች፣ ከሩቅ አገር መጥተው የሰፈሩበትና ጥበባቸውን ለልጆቻቸው ያወረሱበት ሰፈር ነው። በማለዳ ያለፈ ሰው ከአንዱ ግቢ ውስጥ የሸማኔ መወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ሲል ሊሰማ ይችላል፤ እግር ከታች ይረግጣል፣ እጅ ከላይ ይወረውራል። በብስክሌት ላይ ያለውም ሰው እግሩ እየረገጠ ነውና፣ ያ ድምፅ በርታ የሚለው ይመስለዋል።

ከሽሮ ሜዳ በላይ ግን ቀልድ የለም። ወደ ላይ ስንል መንገዱ ደረቱን ይሰጠናል፣ ኩርባውም ይጀምራል። መሃል ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ሰው አንድ ጊዜ ሲተነፍስ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ቆሞ ቢተነፍስ ከሚያገኘው ሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ቢሆን ነው። የአገራችን ሯጮች ማለዳ ማለዳ ይህን ጋራ የሚመላለሱበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሰውነት በሳሳ አየር መሥራትን ሲለምድ ደሙ ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ ሕዋሳት ያበዛል፤ ኋላ ቆላ ወርዶ ሲሮጥ ጉልበት ይሆነዋል። ስለዚህ ዐዋቂ ብስክሌተኛ እዚህ ጋ ማርሹን ያቀላል፣ ከኮርቻው ሳይነሣ፣ ትከሻውን ሳያወዛውዝ፣ ትንፋሹን ከእግሩ ጋር አስማምቶ በዝግታ ይረግጣል። ጀማሪው ግን ጉልበቱን አምኖ ይሮጣል፣ ሁለተኛው ኩርባ ላይ ይቆማል፣ መሪው ላይ ተደፍቶ ያለከልካል። ከኋላ ቀስ ብለው የመጡት ሲደርሱበት አይስቁበትም፤ «አይዞህ፣ ውኃ ጠጣ» ይሉታል፣ አብረውት ይቆማሉ፣ ከዚያም አብረው ይቀጥላሉ።

አሁን ጨዋታዬ ወደ ልቡ ደርሷልና አደራ ልብ በሉልኝ። በዚህ ዳገት ሽቅብ የሚወጣ ብስክሌተኛ ቁልቁል ከሚወርዱት እናቶች ጋር ይገናኛል። በሌሊት ተነሥተው ጫካ ገብተው፣ የወደቀ ቅርንጫፍና ቅጠል ለቅመው፣ በገመድ ጠፍረው፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ወደ ከተማ ይወርዳሉ። አንዷን ጠጋ ብለን እንያት። ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ስትደርስ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ፣ ጀርባዋን ወደ ግንቡ አስጠግታ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ ሸክሙን ሳትፈታ ግንቡ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ከዚያም ሁለት አውራ ጣቶቿን ደረቷ ላይ ከተጠላለፈው ገመድ ሥር አስገብታ ፈንጠር ታደርገዋለች፣ አየር ወደ ደረቷ ይገባል፣ የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ላቧን ትጠርጋለች። አንዱ ብስክሌተኛ ይደርሳል፣ እግሩን ከፔዳሉ አውርዶ ይቆማል፣ «እናቴ፣ እንዴት አደሩ?» ይላታል። «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና አደርክ? በል ቀስ ብለህ ውጣ» ትለዋለች። ያን ሁሉ የተሸከመች እሷ ሆና ቀስ በል የምትለው እሱን ነው። እሱም ውኃውን ያካፍላታል፣ ትጠጣና ትመርቀዋለች፣ ከዚያም ሸክሟን ከግንቡ አንሥታ መንገዷን ትቀጥላለች፤ እሱም ወደ ላይ ይረግጣል፣ ደክሞኛል ማለትንም ያፍራል።

የምትሸከመው ዛፍም የራሱ ታሪክ አለው። ዐፄ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ላይ ሲከትሙ ጋራው ጥድና ወይራ ነበረው፤ ነገር ግን ሠራዊቱ ምግብ ያበስላል፣ ብርድ ነውና እሳት ይሞቃል፣ ቤትም ይሠራል፤ ዛፉ አለቀ። ከተማዋ ወደ ታች ከወረደችም በኋላ የማገዶ ጭንቅ አልለቀቃትም፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። ያኔ ነው ከአውስትራሊያ የመጣው፣ በ1880ዎቹ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ የደረሰው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እናም አዲስ አበባን በቦታዋ እንድትቀር አደረጋት። ዛሬ ብስክሌተኛው በጥላው ሥር እያለፈ ሽታውን የሚስበው ያ ዛፍ የከተማዋ ባለውለታ ነው፤ ያን ውለታ ከጋራው ወደ ምድጃው ያደረሱት ደግሞ የእነዚያ እናቶች ጀርባዎች ናቸው።

እንዲህ እንዲህ እያልን እንጦጦ ማርያም ደረስን። ከብስክሌት ይወረዳል፤ ደጀ ሰላም በእግር እንጂ በጎማ አይታለፍም። ባርኔጣው ወልቆ፣ አጥሩን ተሳልሞ፣ ከዚያም ጥላው ሥር ቁጭ ይባላል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። አጠገቡ ያለው ቤተ መንግሥታቸው ባለ ወርቅ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ልስኑ ኖራ፣ ክዳኑ ሣር ነው። ያ ዝቅተኛ ቤት የአድዋው ንጉሥ ቤት ነበር። እቴጌ ጣይቱ ደግሞ ከዚህ ብርድ ወደ ታች እየወረዱ ፍል ውኃ ይታጠቡ ነበር፤ የቦታውን ሙቀትና ልምላሜ ወደዱት፣ ቤት መሥሪያ ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው፣ በ1879 ዓ.ም. ቤታቸውን ሠሩ፣ አዲስ አበባ ብለው ስም አወጡላት፣ ከዚያም መኳንንቱ በየተራ ተከተሏቸው፣ ሠራዊቱም ተከተለ፣ ነጋዴውም ተከተለ። ከማርያም ግቢ ዳር ቆማችሁ ወደ ደቡብ ብታዩ፣ ያ የአንዲት እቴጌ ምርጫ ዛሬ ምን እንዳከለ ታያላችሁ፤ ከተማዋ ፀሐይ ላይ እንደተዘረጋ ስጥ ከጋራው ሥር እስከ አድማስ ተሰጥታለች።

ከማርያም ተነሥተን በጋራው አናት ስንሄድ እግር ያርፋል፣ ነፋሱ ግን ፊት ይመታል። ከመስከረም 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷልና በዛፉ መሃል የብስክሌትና የእግር መንገድ ተዘርግቷል፤ ልጅ አባቱን እየጠራ ሲነዳ ታያላችሁ። በዚሁ የጋራ ሰንሰለት ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የከዋክብት መመልከቻም አለ፤ ጋራው ወደ ሰማይ ቅርብ ነውና። አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። የጋራው አናት ላይ ስትቆሙ በግራና በቀኛችሁ ሁለት ዓለም አለ። ዝናብ ሲዘንብ በሰሜን በኩል የወደቀው ጠብታ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል፣ ከዚያ ሙገር ይገባል፣ ከዚያ ዓባይ ይገባል፣ ከዚያም ሱዳንን አቋርጦ ግብፅን አጠጥቶ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በደቡብ በኩል የወደቀው ደግሞ ቀበናን ይዞ አቃቂ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ ይገባል፣ ከዚያም አፋር በረሃ ገብቶ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል፤ ባሕር የሚባል አያይም። አንድ ደመና የወለዳቸው ሁለት ጠብታዎች በአንድ ክንድ ርቀት ወድቀው እንዲህ ይለያያሉ። ብስክሌተኛው በዚያ መለያያ ላይ ነው ጎማውን የሚያሽከረክረው።

ከዚያም ቅዱስ ራጉኤል። ስምንት ማዕዘን ሆኖ የተሠራው ያ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በምኒልክ ዘመን፣ እንጦጦ ከተማ በነበረችበት ጊዜ የታነጸ ነው። መኪና በሌለበት በዚያ ዘመን ለግንባታው ያስፈለገው ሁሉ የወጣው በሰው ትከሻና በጋማ ከብት ጀርባ ነው። የራጉኤል ክብረ በዓል መስከረም 1 ቀን፣ በዘመን መለወጫ ነው፤ ዓመቱ ሲከፈት ምእመኑ ነጭ ለብሶ ይህን ጋራ ይወጣል፣ አሮጊቷ በልጅ ልጇ ተደግፋ፣ አዛውንቱ ምርኩዙን ተመርኩዞ። በዚያን ቀን ብስክሌቱን እየገፋ ከሕዝቡ ጋር በእግሩ የሚወጣ ወጣት ካያችሁ፣ ያ ልጅ ጨዋ ያሳደገው ነው።

እዚህ ራጉኤል ደጅ አረፍ ብለን ሳለን አንድ ጥያቄ ልመልስ። ብስክሌት የፈረንጅ መጫወቻ ነው፣ የእኛ ሩጫ ነው የሚሉ አሉ። እንግዲያው ስሙኝ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ነው፤ በዚያ የመጀመሪያ ጉዞ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ገረመው ደንቦባና መስፍን ተስፋዬ ከእነሱ መካከል ናቸው። የጎዳናው ውድድር ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ ወርቁን የጣሊያኑ ኤርኮሌ ባልዲኒ ወሰደ፣ የእኛዎቹ ግን በቡድን ዘጠነኛ ሆነው ገቡ። አስቡት፤ ጠላት ከአገር ከወጣ ገና 15 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ብስክሌት በማምረት ከከበሩ አገሮች ልጆች ጋር ተሰልፈው ዘጠነኛ። ከዚያም ዘመን አልፎ ዘመን ተተካ፣ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከዚያም የአስመራው ብንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም. በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ ቀድሞ ገብቶ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማልያ ለበሰ። ከዚያም በ2018 ዓ.ም. መስከረም የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጣ፤ የመጣውም እንደ እኛው ጋራ በጋራ ወደሆነችው ኪጋሊ ነው። ዳገት ያለው አገር ለብስክሌት የተፈጠረ መሆኑን ሩዋንዳ ለዓለም አሳየች። እኛም ዳገት አልጎደለንም።

ጉልበት ያለው ከዚህም ይቀጥላል። ወደ የካ በኩል ያለውን ጋራ የሚመርጥ ዋሻ ሚካኤልን ይሳለማል፤ ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ መንገዱም ድንጋያማ ስለሆነ ብስክሌቱ የሚገፋበት ቦታ አለው። ወደ ሰሜን የሚመርጥ ደግሞ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ይወርዳል፣ በመስከረም ሜዳው በአበባ ቢጫ ሆኖ ይቀበለዋል፣ ላሞች መንገድ ያቋርጣሉ፣ እረኛው ጅራፉን ያጮኻል፤ ከዚያ ጫንጮ፣ ከዚያ ሙከ ጡሪ፣ ከዚያም ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ሊባኖስ፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም። ከስድስት ኪሎ ሐውልት ሥር የተነሣ ብስክሌተኛ እዚያ ሲደርስ ያንኑ ኀዘን ያገኘዋል፤ በ1929 ዓ.ም. ግንቦት የግራዚያኒ በቀል በገዳሙ መነኮሳትና ዲያቆናት ላይ ነው የወረደው። መኪና ይህን መንገድ በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል፤ ብስክሌተኛው ግን ቀኑን ሙሉ በጉልበቱ ይሄደዋል፣ ሐውልቱንና ገዳሙን ያገናኘው ያ መንገድ ምን ያህል እንደሆነ በገዛ እግሩ ያውቀዋል።

አሁን እንውረድ። መውጣት ጉልበት ነው፣ መውረድ ግን ጠባይ ነው። ከራጉኤል ቁልቁል ብስክሌት በራሱ ይበራል፣ ጆሮ በነፋስ ይደነቁራል፣ ወጣትነት ልቀቀኝ ይላል። ዐዋቂው ግን ሁለቱንም ፍሬን ለዘብ ለዘብ አድርጎ እየያዘና እየለቀቀ፣ ከኩርባው በፊት ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ዓይኑን ሩቅ ጥሎ ይወርዳል፤ ፍሬን ሲጠበስ ይሸታል፣ ሲሸት ደግሞ ቆሞ ማብረድ ነው። ከኩርባው ማዶ ማን እንዳለ አይታወቅም፤ አህያ ሊሆን ይችላል፣ የጠበል በሽተኛ የሚያወርድ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፣ ያች ጠዋት ቀስ በል ያለችው እናት ልትሆን ትችላለች። ሸክም ያዘለ ሰው ደንግጦ ዘወር ማለት አይችልም፤ ሸክሙ ይጥለዋል። ስለዚህ መንገዱን መልቀቅ ያለበት ባለ ብስክሌቱ ነው፤ ባለ መኪናው ደግሞ ለሁለቱም።

ከተማችን በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ብላ አደባባዮቿን አንዳንድ እሑድ ከመኪና ነጻ ማድረግ ስትጀምር፣ ከዚያም በቅርቡ በየኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ስትዘረጋ ደስ ብሎናል። ያ መስመር ግን ዳገቱንም ይውጣ፤ ለብስክሌተኛው ብቻ ሳይሆን እንጨት ለተሸከመችው እናትም ከመኪና የሚለይ ዳርቻና ሸክም የምታሳርፍበት ግንብ ይኑረው። ወላጆችም ልጆቻችሁን ሩጫ እንደምታስተምሩ ሁሉ ብስክሌትም አስተምሩ፤ ፍሬን መያዝን ከመሮጥ በፊት አሳዩአቸው። እናንተም ነገ ማለዳ ጎማችሁን ነፍታችሁ ወደ ራጉኤል ስትነሡ ይህን አደራ ያዙልኝ፤ ዳገቱ ላይ ያገኛችሁትን እንዴት አደራችሁ ሳትሉ፣ ቁልቁለቱ ላይ ለተሸከመው መንገድ ሳትለቁ አትለፉ።